ፍል ውሃና ወርቅ
ከቦሌ ድንጋይ እስከ አፋር ቋጥኝ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው በእጁ ያለውን ሀብት ለሚንቅ ሰው ነው። ነገር ግን ይህንኑ ተረት ገልብጠን ብንመለከተው ሌላም ደዌ እንዳለብን እንረዳለን፤ ይኸውም የሚያብለጨልጭ ነገር ባየን ቁጥር ሳይመረመር ወርቅ ነው ብሎ መፈንደቅ ነው። የመጀመሪያው ደዌ ሀብትን ያስንቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ገንዘብንና ጊዜን ያስበላል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ ድንጋዩን ማወቅ።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በቦሌ ክፍለ ከተማ በገርጂ በኩል ሳልፍ ያየሁት ነገር ነው። ለአንድ ፎቅ ቤት መሠረት የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከላይ ጥቁር መረሬ አፈር፣ ከሥሩ ገረጋንቲ፣ ከዚያም በታች ግራጫና ወደ ሮዝ የሚያደላ ጠንካራ ድንጋይ ይታያል። ቆሜ ስመለከት ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ፣ ዕድሜው ከሃያ የማያልፍ ወጣት፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ የያዘውን ስባሪ ድንጋይ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ። ወርቅ ናት እንዴ?»

ድንጋዩን ተቀብዬ ወደ ፀሐይ አዞርሁት። በውስጡ የተሰገሰጉ ትንንሽ ጠፍጣፋ ነገሮች እንደ መስተዋት ስባሪ ብልጭ ይላሉ፤ እጄን ትንሽ ስመልሰው ደግሞ ይጠፋሉ። ወርቅ እንዲህ አያደርግም፤ በጥላም በፀሐይም መልኩ አንድ ነው። «ወርቅስ አይደለም፣ ልጄ» አልሁት። «ይህ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ነው። ወጥ ቤትህ ያለው የሸክላ ስኒ እንኳ ሲሠራ የሚገባበት ነው።»

ወጣቱ ሳቀና «ድካሜ ከንቱ ቀረ በሉኛ!» አለ። ቀጥሎ ግን ከሳቁ ይልቅ ቁም ነገር ያለበት ጥያቄ ጠየቀኝ። «እንግዲያው ወርቅ የሚገኘው በምን ዓይነት ድንጋይ ነው? ይሄ ድንጋይስ ለምን ወርቅ የለውም?» የዛሬው ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄው የቀን ሠራተኛው ብቻ አይደለም። ነገ የሥነ ምድር ትምህርት ለመማር የሚመርጥ ተማሪ፣ ወይም የማዕድን ፍለጋ ማመልከቻ በጠረጴዛው ላይ የሚቀርብለት ወጣት ሹም ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

የቦሌ ድንጋይ ታሪክ

በቦሌ ምድር ላይ የቆመ ሰው የቆመው በእሳተ ገሞራ ላይ ነው። በስተሰሜን የእንጦጦ ተራራ ይታየዋል፤ በስተምሥራቅ የረር፣ በስተደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ ከዚያም አልፎ ወጨጫ አሉ። እነዚህ ሁሉ በየዘመናቸው እሳት የተፉ ተራሮች ናቸው። ከእነርሱና ከሌሎች ስንጥቆች የወጣው ቅልጥ ድንጋይ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ነው የከተማዋን መሠረት ያበጀው። ጥቁሩና ከባዱ ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ግራጫውና ወደ ሮዝ የሚያደላው ብዙ ጊዜ ኢግኒምብራይት የተባለው ነው፤ ይህም የጋለ አመድ እንደ ጎርፍ በምድር ላይ ፈስሶ፣ በራሱ ሙቀት ተጣብቆ የጠነከረ ነው። የወጣቱ ድንጋይም ከዚህ ወገን ነበር።

የእነዚህ ድንጋዮች ዕድሜ ሲመረመር አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተገኝቷል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1979 ሞርተን፣ ሬክስ፣ ሚቸልና ሞር የተባሉ ተመራማሪዎች ‹ኔቸር› በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በአዲስ አበባ አካባቢ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ስምጥ ሸለቆው በተጠጋ መጠን ዕድሜው እያነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። የእንጦጦ ድንጋይ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። የየረር፣ የፉሪና የወጨጫ ግን ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ከእንጦጦ ተነሥቶ በቦሌ አልፎ ወደ የረር የሚሄድ መንገደኛ ከአያት ቤት ወደ ልጅ ልጅ ቤት እንደ ወረደ ይቆጠራል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ፍል ውሃ አለ። አዲስ አበባ ከተማ የተወለደችው ከፍል ውሃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ሳለ ወደ ፍል ውሃው ለመታጠብ ይወረድ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱ እንድትቆረቆር ምክንያት የሆነው ይኸው ምንጭ ነው። ውሃው የሚወጣው ምድር በተሰበረችበት ስንጥቅ በኩል ነው። ከላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ጥልቁ ሰርጎ፣ በከርሠ ምድር ሙቀት ግሎ፣ ስንጥቁን መሰላል አድርጎ ይመለሳል።

እንግዲህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለን፤ የምድር ስንጥቅም አለን፤ ፍል ውሃም አለን። እነዚህ ሦስቱ ነገሮች በዓለም ላይ አንድ ዓይነት የወርቅና የብር ክምችት የሚሠሩ አናጢዎች ናቸው። ነገር ግን አናጢ ስላለ ብቻ ቤት አይኖርም።

አሮጌ ወርቅና ወጣት ወርቅ

ባገራችን የታወቀው ወርቅ በአብዛኛው አሮጌ ወርቅ ነው። የአዶላ ወርቅ፣ ከእርሱም ጋር በጉጂ የሚገኘው የለገ ደንቢ ማዕድን፣ በወለጋ ያለው የቱሉ ካፒ፣ በቤኒሻንጉል ያለው የኩርሙክ ወርቅ ሁሉ ያረፉት ዕድሜያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆኑ ድንጋዮች ውስጥ ነው። እነዚህ ድንጋዮች በጥልቅ ተቀብረው፣ ተጨምቀውና ግለው መልካቸው የተለወጠ ናቸው። በደጋው ላይ ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ወፍራም ጋቢ ስለ ሸፈናቸው አይታዩም። በዚህም ምክንያት «ወርቅ በምዕራብና በደቡብ ነው፤ በደጋውና በስምጥ ሸለቆው የለም» የሚል አስተሳሰብ ለብዙ ጊዜ ሰፍኖ ኖሯል።

ሌላው ዓለም ግን ወጣት ወርቅንም ያውቃል። የስዊድን ተወላጅ የሆነው አሜሪካዊው የማዕድን ሊቅ ዋልድማር ሊንድግሬን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የማዕድን ክምችቶችን በተፈጠሩበት ጥልቀትና ሙቀት ሲከፋፍል፣ ከምድር ገጽ አጠገብ በፍል ውሃ የተሠሩትን «ኤፒተርማል» የሚል ስም ሰጣቸው። ከገጹ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጥልቀት የተሠሩ ናቸው። በጃፓን አገር በኪዩሹ ደሴት ያለው የሂሺካሪ ማዕድን ለዚህ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በቁፋሮ ተገኘ፤ በ1985 ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ከ200 ቶን በላይ ወርቅ ሰጥቷል። የዚህ ክምችት ዕድሜ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከአዶላ ወርቅ ጋር ሲነጻጸር ትናንት የተወለደ ሕፃን ነው ማለት ይቻላል።

ውሃ ወርቅን እንዴት ይሸከማል?

ወርቅ በውሃ የማይሟሟ፣ የማይዝግ ብረት መሆኑን እያወቅን፣ ፍል ውሃ ተሸክሞት ይሄዳል ሲባል መገረማችን አይቀርም። ምሥጢሩ ያለው በድኝ ላይ ነው። በከርሠ ምድር ያለው ፍል ውሃ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት፣ ድኝ ያለበት ጋዝ በውስጡ ይዟል። ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ወርቅ ከዚህ ድኝ ጋር ይጣመርና በውሃው ውስጥ ይሟሟል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ ቶን ውሃ ውስጥ ያለው ወርቅ ብዙ ጊዜ ከአንድ ግራም ሺሕኛ እጅ ብዙ የማይበልጥ ነው። ነገር ግን ውሃው ለአሥርና ለመቶ ሺሕ ዓመታት ሳያቋርጥ ቢፈስስ ጥቂቱ ብዙ ይሆናል።

በ250 ዲግሪ ውሃ ለምን ወደ እንፋሎት አይለወጥም ቢሉ፣ በላዩ ያለው ክብደት ስለሚጫነው ነው። ክዳኑ በጥብቅ የተገጠመ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከመቶ ዲግሪ አልፎም እንደማይንተከተክ ያለ ነው። ውሃው በስንጥቁ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጫናው ይቀልለታል። በአንድ የተወሰነ ጥልቀት ላይ ሲደርስ በድንገት ይፈላል፤ እንፋሎቱና ድኝ ያለበት ጋዝ አብረው ያመልጣሉ። ወርቁን ጭና የምትጓዘው በቅሎ ድኝ ነበረች፤ በቅሎዋ ስትበረግግ ጭነቱ መንገድ ላይ ይወድቃል። ወርቅ የሚገኘውም በቅሎዋ በበረገገችበት በዚያ ጥልቀት ላይ ነው። ከዚያ ብዙ ከፍ ወይም ብዙ ዝቅ ብሎ የሚቆፍር ሰው ያንኑ ነጭ ድንጋይ አግኝቶ ወርቁን ግን ሊያጣው ይችላል።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በኒው ዚላንድ ዋዮታፑ በሚባል ስፍራ ያለው ፍል ኩሬ በዳርቻው ላይ ብርቱካናማ ዝቃጭ ያስቀምጣል። ዋይስበርግ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጥናት በዚህ ዝቃጭ ውስጥ በቶን 80 ግራም ገደማ ወርቅና ከዚያም የሚበልጥ ብር መኖሩን አሳይቷል። እዚያው አገር ኦሃኪ በሚባል የእንፋሎት መስክ ደግሞ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በቧንቧው አፍ ላይ በሚገኝ የብረት ሳሕን ሲያልፍ ጫናው በድንገት ስለሚቀንስ፣ በሳሕኑ ላይ የተጋገረው ቅርፊት ወርቅ ይዞ ተገኝቷል። ይህንንም ብራውን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ገልጾታል። በጀበናችን ውስጥ ከጊዜ ብዛት የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

ሰሙና ወርቁ

የቅኔ ተማሪ ሰሙን አልፎ ወርቁን እንደሚፈልግ፣ የማዕድን ፈላጊም በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ መጀመሪያ የሚያነበው ሰሙን ነው። የመጀመሪያው ሰም በስንጥቅ ውስጥ የተጋገረው ነጭ ወይም ግራጫ ኳርትዝ ነው። ስንጥቁ በኳርትዝ ይዘጋል፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ እንደገና ይከፈታል፤ ፍል ውሃው ይገባና ሌላ ሽፋን ያስቀምጣል። ስለዚህ ድንጋዩ ሲሰበር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረቡ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። ከመስመሮቹ እያንዳንዱ የአንድ ዘመን ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ሰም እንደ ቢላዋ ስለት የቀጠኑ፣ እርስ በርሳቸው የተመሰቃቀሉ የድንጋይ ገበታዎች ናቸው። እነዚህ ውሃው በዚያ ስፍራ መፍላቱን ይመሰክራሉ። ሦስተኛው በዙሪያው ያለው ጥቁር ድንጋይ ነጥቶና ላልቶ ወደ ሸክላ አፈር መለወጡ ነው። አራተኛው ጥንት ፍል ውሃው በምድር ገጽ ላይ በወጣበት ቦታ የቀረው የነጭ ድንጋይ ንጣፍ ነው። ይህ ንጣፍ ሳይሸረሸር ካለ፣ ወርቁ ያለበት ጥልቀት ገና ከሥር አለ ተብሎ ተስፋ ይደረጋል። በቤተ ሙከራ ሲመረመር ደግሞ አርሰኒክ፣ አንቲሞኒና ሜርኩሪ ከፍ ብለው ከተገኙ ተስፋው ይጠነክራል።

ወርቁ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። እጅግ የደቀቀ ስለ ሆነ በገበታ ሲታጠብ ከውሃው ጋር ይሄዳል። አዶላ ላይ በገበታ ያጠበ አባት ልጅ፣ እንዲህ ባለው ድንጋይ ላይ ዘመኑን ሁሉ ቢያጥብ ምንም ላያገኝ ይችላል። በዓይን የሚያብለጨልጨው ግን ብዙ ጊዜ ፓይራይት ነው፤ ፈረንጆቹ የሞኞች ወርቅ ይሉታል። ልዩነቱን ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም፤ ወርቅ ሲመታ ይለጠጣል፤ ፓይራይት ሲመታ ይፈረካከሳል።

ስለ ብርም አንድ ነገር እንናገር። በእነዚህ ክምችቶች ብር ብዙ ጊዜ ከወርቅ ይበዛል፤ ነገር ግን የሚገኘው ከድኝ ጋር ተጣምሮ ጥቀርሻ መስሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 በአሜሪካ አገር በኔቫዳ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ገበታቸውን የሚያደናቅፍ ከባድ ሰማያዊ ጭቃ እየተራገሙ ይጥሉ ነበር። ጭቃው ተመርምሮ ሲታይ ብር ሆኖ ተገኘ። ኮምስቶክ የተባለው ዝነኛ የብርና የወርቅ ማዕድን የተጀመረው በዚህ ነው፤ ድንጋዩም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር። እኛስ ብንሆን? የገንዘባችን ስም ብር ነው። እናቶቻችን ያጌጡበት ድሪና መስቀል ግን በብዙው የተሠራው ከባሕር ማዶ የመጣውን የማርትሬዛን ብር በማቅለጥ ነው። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ጥቁሩን ድንጋይ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ባልነበረበት ጊዜ ነጩን ብር በግመልና በበቅሎ ማስመጣት ግድ ነበር።

ከቦሌ ወደ ዱብቲ

አሁን ከቦሌ እንነሣና የአሰብን አሮጌ መንገድ ይዘን እንውረድ። በቢሾፍቱና በአዳማ አድርገን፣ መተሐራንና አዋሽን አልፈን፣ በሚሌና በሎጊያ በኩል ወደ ሰመራና ወደ ዱብቲ ስንደርስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከሚበልጠው የቦሌ አየር ማረፊያ ከፍታ ከ400 ሜትር ወደሚያንስ ቆላ ወርደናል። ድንጋዩም እንደ ልማዱ እየወጣ፣ እየወጣ መጥቷል፤ አፋር ላይ ምድር ዛሬም በመወለድ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል የምድር ርዝመት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር መከፈቱ የዓለምን ሊቃውንት ሁሉ ያስደነቀ ነበር። ስንጥቅ ቢያስፈልግ ከዚህ የሚበልጥ ስንጥቅ ከየት ይገኛል?

ሙቀትም አለ። በዱብቲ አጠገብ የአላሎቤዳ ፍል ውሃ ይንተከተካል። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 በተንዳሆ ለእንፋሎት ኃይል ሲባል በጣሊያን ርዳታ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ጥልቁ ከ2,000 ሜትር አልፎ፣ ሙቀቱም ከ250 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በደቡብም በአሉቶ ላንጋኖ ከ300 ዲግሪ በላይ የጋለ ውሃ ተገኝቶ፣ 7.2 ሜጋ ዋት የተባለ የሙከራ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1998 ተቋቁሟል። ይህ ወርቅ ሊሸከም የሚችል ሙቀት ነው። በአዲስ አበባው ፍል ውሃና በአፋሩ መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው፤ አንዱ ገላ ያሞቃል፤ ሌላው ድንጋይ ይቀቅላል።

ስለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2010 ዙሪያ በነበሩት ዓመታት ስትራቴክስ ኢንተርናሽናል የተባለ መቀመጫው በለንደን የሆነ አነስተኛ የፍለጋ ኩባንያ ወደ አፋር መጥቶ፣ በመጌንታና በሌሎች ስፍራዎች ከላይ የዘረዘርናቸውን ሰሞች ሁሉ ያነበበው፤ የተነባበረ ኳርትዝ፣ የነጣ ድንጋይ፣ በውስጡም ወርቅ። ታላቁ አንግሎጎልድ አሻንቲም በሽርክና ገብቶ ነበር። ከድንበር ማዶም በጅቡቲ በኩል የጅቡቲና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ ምሥራቅ አፋር ድንጋይ ላይ ይኸው ዓይነት ወርቅ መኖሩን አስረድተዋል። እንግዲህ በስምጥ ሸለቆው ወርቅ የለም የሚለው አስተሳሰብ ወድቋል። ነገር ግን የመጌንታ ወርቅ ማዕድን ማውጫ ሆኖ ሥራ አልጀመረም። ለምን?

የፍለጋ ቦታ ማዕድን ማውጫ አይደለም

የጽሑፋችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ወርቅ ያለበት ድንጋይ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ተቆፍሮ ወጪውን የሚመልስ ክምችት ማግኘት ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል የብዙ ዓመት ድካም አለ። ካገኙት አሥር የፍለጋ ቦታዎች አንዱ እንኳ ማዕድን ማውጫ ቢሆንላቸው ፈላጊዎች ዕድለኞች ነን ይላሉ።

የወርቅ መጠን የሚነገረው በቶን ስንት ግራም ተብሎ ነው። አንድ ቶን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በየጎኑ ሰባ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጥርብ ድንጋይ ማለት ነው። አንድ ግራም ወርቅ ግን እጅግ ከባድ በመሆኑ ግዙፍነቱ ከአንድ ሁለት የምስር ፍሬ አይበልጥም። ይህችን ምስር ፈጭተን በዚያ ትልቅ ድንጋይ ውስጥ ሁሉ በተንናት ማለት ነው። ስለዚህም ያለ ቤተ ሙከራ ስለ እንዲህ ያለ ወርቅ የሚናገር ሁሉ ግምቱን ነው የሚናገር።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። በአንድ ሹም ጠረጴዛ ላይ «በቶን 5 ግራም ወርቅ የሚሰጥ የኳርትዝ ሥር አግኝተናል» የሚል ወረቀት ቀረበ እንበል። ሥሩ 200 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋት፣ 100 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 40,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሜትር ኩቡ 2.5 ቶን ቢመዝን 100,000 ቶን ድንጋይ፣ በውስጡም 500 ኪሎ ግራም ወርቅ አለ ማለት ነው። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የሥሩ እውነተኛ ስፋት 2 ሜትር ሳይሆን 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ወርቁ 500 ኪሎ መሆኑ ቀርቶ 50 ኪሎ ይሆናል። ይህ ስሕተት ሰው ሳይዋሽ ሊሠራ ይችላል፤ መቆፈሪያው ሥሩን አግድም ሳይሆን ዘንበል ብሎ ከቆረጠው ቀጭኑ ወፍራም ይመስላልና።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ወረቀቱን ከማድነቁ በፊት የሚጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ናሙናው ከምድር ገጽ የተለቀመ ነው ወይስ ከጥልቅ ቁፋሮ የወጣ? ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ከእነርሱስ ስንቱ ወርቅ አገኘ፤ ስንቱ ባዶ ሆነ? የተጻፈው ስፋት እውነተኛው ስፋት ነው? የቤተ ሙከራው ውጤት በሌላ ቤተ ሙከራ ተረጋግጧል? መልካሙን ድንጋይ መርጦ ማስመርመር ቀላል ነው፤ የባዶውን ጉድጓድ ውጤት አብሮ ማቅረብ ግን ታማኝነትን ይጠይቃል። ተማሪውም በበኩሉ ድንጋይ ስብሮ ማየት፣ ካርታ መሣል፣ መስመር በመስመር መመዝገብ የመሰሉ አሰልቺ ሥራዎችን ካልናቀ ነገ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው እርሱ ነው። በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ የሥነ ምድር ትምህርት የቀሰሙ ኢትዮጵያውያን ይህን ሲሠሩ ኖረዋል።

ከእነዚህ ሌላ በማይክሮስኮፕ የማይታይ ጥያቄም አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የአፋር አርብቶ አደር ግመሉን የሚያጠጣበት ውሃ ከወርቅ ይበልጥበታል። ከላይ እንደ ተናገርነው በእነዚህ ድንጋዮች ውስጥ ወርቅ ብቻ ሳይሆን አርሰኒክና ሜርኩሪም አሉ፤ ድንጋዩ ሲፈጭና ሲታጠብ ወደ ውሃው እንዳይገቡ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ወርቅ በቶን ስንት ግራም እንዳለው የሚጠይቅ ሰው፣ የጉድጓድ ውሃው ከቁፋሮው በፊት ምን ይዞ እንደ ነበረም ተመዝግቦ እንደሆነ ቢጠይቅ ሥራው ሙሉ ይሆናል።

ወደ ጉድጓዱ እንመለስ

ለዚያ ለገርጂው ወጣት በዚያን ቀን ይህን ሁሉ አልነገርሁትም፤ ተቆጣጣሪው ወደ ሥራው ይመልሰው ነበርና። የነገርሁት በአጭሩ ነው። ድንጋይህ ወርቅ የሌለው ክፉ ድንጋይ ስለ ሆነ አይደለም፤ የጋለ ውሃ በስንጥቅ ውስጥ ለብዙ ሺሕ ዓመት አልተመላለሰበትም፤ ወይም ተመላልሶ ቢሆን ምልክቱን አልተወም። ነጭ መስመር የለውም፤ ወደ ሸክላ አልተለወጠም፤ እንዲያውም እንዲህ ጠንካራና ጤነኛ ሆኖ በመገኘቱ ነው ፎቅ ለመሸከም የተመረጠው። ወርቅ ያለበት ድንጋይ ብዙ ጊዜ በፍል ውሃ የተቀቀለ፣ የታመመ ድንጋይ ነው።

ወጣቱ ይህን ሲሰማ ድንጋዩን አገላብጦ አየና «እንግዲያው ጤነኛነቱ ይሻለናል፣ ቤቱ እንዳይወድቅ» ብሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ስባሪውን ግን አልጣለውም፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ምድራችን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ያበደረችን ነገር አለ። በጥናት ፋንታ ወሬ፣ በቁፋሮ ፋንታ ምኞት የምንመልስላት ከሆነ፣ ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንደሚባለው መሆናችን ነው። የሚያብለጨልጨውን ሁሉ ወርቅ ከማለት፣ ያለውንም ወርቅ ከመናቅ የሚያድነን ከሁሉ አስቀድሞ ድንጋዩን ሰብሮ፣ መዝኖና አስመርምሮ የማየት ልማድ ነው።